ሰው የሌለበት ኮረብታ፣ ሁለት እንደራሴዎች፦ የኦልድ ሳረም የምርጫ ክልል ታሪክ እና የዛሬው የካርታ ክርክር

በኦገስት 2025 የአሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት ሕግ አውጪዎች ለፌዴራሉ ኮንግረስ እንደራሴ የሚመረጥባቸውን ክልሎች ካርታ፣ የተለመደው የአሥር ዓመት ጊዜ ሳይደርስ፣ እንደገና ሣሉት። ካርታው ለሪፐብሊካን ፓርቲ አምስት ያህል ተጨማሪ መቀመጫ እንዲያስገኝ የታሰበ ነበር፤ ይህንንም ማንም አልሸሸገውም። በኖቬምበር ደግሞ ካሊፎርኒያ በሕዝበ ውሳኔ የራሷን ካርታ ለዴሞክራቶች በሚያደላ መልኩ ቀየረች። በዳላስና በሂዩስተን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የሚመርጡት ሰው ማን እንደሚሆን የሚወስን ነገር ነው።

ዜናው በአማርኛ ሲወራ ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል። አንደኛው በሽታ ካርታው ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቀርቶ፣ ሕዝቡ ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ መስመሩ ባለበት ሲያረጅ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ካርታው በሚገባ እየታደሰ፣ ነገር ግን የማደሱ ሥራ በተጠቃሚው እጅ ሲገባ የሚመጣ ነው። የቴክሳሱ ሁለተኛው ዓይነት ነው። የአንደኛው ዓይነት ከሁሉ የከፋ ምሳሌ ደግሞ በደቡብ እንግሊዝ የሚገኝ፣ ኦልድ ሳረም የሚባል በሣር የተሸፈነ ኮረብታ ነው። ይህ ኮረብታ ነዋሪ ሳይኖረው ለዘመናት ሁለት ሁለት እንደራሴ ወደ ለንደን ሲልክ ኖሯል። እንዴት? ለምንስ ማንም አላስቆመውም? መልሱ ከሚገመተው በላይ ጠለቅ ያለ ነው።

(ዓ.ም. ከተባለው በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቃላቱ ጥቂት

በእኛ ዘንድ «ክልል» ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የፌዴሬሽኑን አባል ነው፤ ኦሮሚያን፣ አማራን፣ ሶማሌን። «የምርጫ ክልል» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለአንድ ምክር ቤት መቀመጫ ድምፅ የሚሰጥበት የመሬት ቁራሽ ነው። በውስጡ ድምፅ የሚሰጥባቸው ምርጫ ጣቢያዎች አሉ። አንዳንዶች «የምርጫ ወረዳ» ይሉታል፤ ይህም የራሱን መደናገር ያመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምርጫ ክልል ስንል መቀመጫ የሚገኝበትን ቁራሽ ብቻ ማለታችን ነው።

በእንግሊዝ የዱሮ ሥርዓት የምርጫ ክልሎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። ካውንቲ የሚባሉት ሰፋፊ የገጠር አውራጃዎች ሲሆኑ፣ ቦሮ የሚባሉት ደግሞ የከተማነት መብት ያገኙ ቦታዎች ነበሩ። አብዛኛዎቹ የእንግሊዝ ቦሮዎች፣ ትልቅ ሆኑ ትንሽ፣ ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልኩ ነበር። ይህ የቁጥር እኩልነት መጀመሪያ ላይ ማንንም አላስቸገረም። ያስቸገረው በኋላ ነው።

ከኮረብታው ወደ ሜዳው

ኦልድ ሳረም ከዛሬዋ የሶልዝበሪ ከተማ በስተሰሜን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ በአፈር ግንብና በጉድጓድ የታጠረ ምሽግ ነበር። ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በመካከሉ ቤተ መንግሥት፣ ከጎኑ ካቴድራል ሠሩ። ድል አድራጊው ንጉሥ ዊሊያም በ1086 የአገሩን ባለ መሬቶች ሰብስቦ የታማኝነት መሐላ ያስገባው በዚሁ ስፍራ ነው። ስለዚህ ኦልድ ሳረም ገና ከጅምሩ ባዶ ኮረብታ አልነበረም፤ የሥልጣን መቀመጫ ነበር።

ኮረብታው ግን ለኑሮ አይመችም ነበር። ነፋሱ ኃይለኛ፣ ውኃው ጥቂት ነበር፤ ካህናቱና በምሽጉ የሰፈሩት ወታደሮችም ጎን ለጎን መኖር አቃታቸው። በ1220 በወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የአዲሱ ካቴድራል መሠረት ተጣለ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው፣ አናጢው፣ ጠማቂው ሁሉ ወደዚያው ወረደ። ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃ የወረደውን ከተማ ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ከእንጦጦ ሲወረድ ሥልጣኑም አብሮ ወረደ፤ ከኦልድ ሳረም ሲወረድ ግን አንድ መብት ኮረብታው ላይ ቀረ።

ይልቁንም፣ ጊዜውን ልብ ብለን ካየነው፣ መብቱ የተሰጠው ከተማዋ መሞት ከጀመረች በኋላ ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1295 ፓርላማ ሲጠራ ኦልድ ሳረምም ሁለት ሰው እንዲልክ ተጠየቀ። በሜዳው ላይ የአዲሱ ካቴድራል መሠረት ከተጣለ ግን ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ በስፍራው ያለፈ አንድ መንገደኛ ጸሐፊ፣ በኮረብታው ላይ ሰው የሚኖርበት አንድም ቤት እንደሌለ መዝግቧል።

ሸክም የነበረው ነገር ሀብት ሲሆን

ዛሬ የፓርላማ መቀመጫ ሰው የሚጋደልለት ነገር ስለሆነ፣ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሸክም እንደነበረ ለመገመት ያስቸግራል። ንጉሡ ተወካዮችን የሚጠራው ባብዛኛው ግብር እንዲፈቅዱለት ነበር። የተወካዩን አበል፣ ለቦሮ ሰው በቀን ሁለት ሺሊንግ፣ የሚከፍለው የላከው ከተማ ነው። ስለዚህ ከተሞች አንዳንዴ «እኛን ተወን» ብለው ለመለመን ይገደዱ ነበር። በዚህ ጊዜ ማን ተጠራ፣ ማን ቀረ የሚለው ብዙ አያነጋግርም፤ የኦልድ ሳረምም ውክልና ሲላክ ሲቀር ቆይቶ ቋሚ የሆነው ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው።

ነገሩ የተገለበጠው ፓርላማው እየጠነከረ ሲመጣ ነው። መቀመጫው ከንጉሡ ዘንድ ሹመት፣ ጥቅምና ተሰሚነት የሚያስገኝ ሲሆን፣ የገጠር ባላባቶች አበሉን ራሳቸው እየቻሉ የከተሞቹን መቀመጫ መያዝ ጀመሩ። ነዋሪ የሌለበት ቦሮ ደግሞ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ የሚለመን መራጭ የለም፣ የሚጋበዝ ሕዝብ የለም፣ የሚያማርር ነጋዴ የለም።

ድምፅ ከመሬት ጋር ሲጣበቅ

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል፤ በርጌጅ። በርጌጅ ማለት በዱሮው ከተማ ውስጥ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ በዓመታዊ ኪራይ የሚያዝ ቦታ ነው። በአንዳንድ ቦሮዎች የመምረጥ መብት የነዋሪው ሳይሆን የዚህ ቦታ ባለይዞታ ነበር። ቤቱ ፈረሰ፣ ሰው ሄደ፣ ቦታው የስንዴ ማሳ ሆነ፤ ድምፁ ግን ከአፈሩ አልተነቀለም። ኦልድ ሳረም ከእነዚህ አንዱ ነው።

በአገራችን የዱሮ የመሬት ሥርዓት ቋንቋ ብንናገረው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በርጌጁ እንደ ርስት ነው፤ ይወረሳል፣ ይሸጣል። ከእሱ የሚገኘው የፓርላማ መቀመጫ ደግሞ እንደ ጉልት ነው፤ ባለቤቱ ሳያርስ የሚበላው። ምስያው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ጉልት ቢያንስ በስሩ ገባር ሰው ነበረው።

ዘዴው እንዲህ ይሠራ ነበር። አንድ ባለሀብት በርጌጆቹን በሙሉ ይገዛል። ሁሉም በእጁ ሲሆኑ ግን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ምርጫ ሲደርስ ቦታዎቹን ለወዳጆቹና ለአሽከሮቹ በወረቀት ያስተላልፋል። እነሱ ድምፅ ሰጥተው፣ ምርጫው ሲያበቃ ወረቀቱን ይመልሳሉ። በኦልድ ሳረም የምርጫው ሥነ ሥርዓት የሚከናወነው ኤልም በሚባል ዓይነት በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንዳንዴም በጊዜያዊ ዳስ ውስጥ ነበር፤ ዛፉንም «የፓርላማ ዛፍ» ይሉት ነበር። የምርጫውን ውጤት የሚያሳውቀው ሹም ሳይቀር ከባለ መሬቱ ችሎት የሚሾም ነው። በ1831 በተደረገው የመጨረሻ ምርጫ መራጮቹ 11 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም የሚኖሩት ሌላ ቦታ ነው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኮረብታውን የገዛው ቶማስ ፒት ይባላል። በሕንድ የማድራስ ገዥ የነበረ፣ ከጎልኮንዳ የወጣውን ታላቅ አልማዝ ገዝቶ በ1717 በሕፃኑ ንጉሥ ስም ፈረንሳይን ይገዛ ለነበረው ሞግዚት መስፍን የሸጠ ነጋዴ ነው፤ አልማዙ ዛሬም በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ይታያል። መቀመጫውን የገዛው ግን ከአልማዙ በፊት ነው። የእሱ የልጅ ልጅ ዊሊያም ፒት፣ በኋላ ብሪታንያን በሰባቱ ዓመት ጦርነት የመራው፣ በ1735 ፓርላማ የገባው በኦልድ ሳረም በኩል ነበር። ታላቅ ወንድሙ በሁለት ቦታ ተመርጦ ስለነበር፣ የተረፈውን መቀመጫ ለታናሹ ሰጠው። መስጠት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ማጋነን አይደለም።

ፒት ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚህን ክልሎች የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል ብሎ ጠራቸው፤ በራሱ ካልወደቀ መቆረጡ አይቀርም አለ። የመሰሉትን ሁሉ «የበሰበሱ ቦሮዎች» ማለት የተለመደ ሆነ። ጥቂት ሰዎች እየኖሩባቸው በአንድ ባላባት ፈቃድ የሚመርጡት ደግሞ «የኪስ ቦሮዎች» ይባሉ ነበር፤ በኪስ የሚያዙ ማለት ነው። የፒት ቤተሰብ ንብረቱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለኬልደን ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ሸጠ። ዋጋው 60 ሺህ ፓውንድ እንደነበረ ይነገራል። ለሣርና ለስንዴ ማሳ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የለም፤ የተሸጠው ሁለቱ ወንበር ነው።

ለምን ማንም አልነካውም?

ቀላሉ መልስ ሙስና የሚል ነው። ሙስና ነበር። ነገር ግን ዋናው ምክንያት የሥርዓቱ አሠራር ይመስለኛል።

እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ነገሥታቱ በቻርተር፣ ማለትም በንጉሣዊ የመብት ደብዳቤ፣ አዳዲስ ቦሮዎችን ይፈጥሩ ነበር። ታማኝ እንደራሴ ለማግኘት ቢሆንም፣ ካርታው ቢያንስ ይንቀሳቀስ ነበር። በ1670ዎቹ ቻርልስ ዳግማዊ ለኒውአርክ ከተማ ሁለት መቀመጫ ሲሰጥ ፓርላማው ተቆጣ፤ ንጉሡ ወንበር እየጨመረ ምክር ቤቱን ሊሞላው ነው የሚል ሥጋት ነበር። ከዚያ በኋላ ንጉሡ በቻርተር አዲስ ቦሮ መፍጠሩ ቀረ። ሐሳቡ ጤናማ ነው፤ የንጉሥን እጅ ከምርጫ ላይ ማንሣት ነው። ውጤቱ ግን የእንግሊዝ ካርታ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀጥ ብሎ መቅረቱ ሆነ። መቀየር የሚችለው ፓርላማው ብቻ ሆነ፤ ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ ካርታው ባለበት በመቆየቱ የተቀመጡ ናቸው።

በዚሁ መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ አገሪቱ ተለወጠች። የጥጥ ፋብሪካዎች፣ የብረት ማቅለጫዎች፣ ቦዮች መጡ። ማንቸስተር በ1831 ከ140 ሺህ በላይ ሰው ሲኖርባት የራሷ የሆነ አንድም እንደራሴ አልነበራትም። በርሚንግሃምም፣ ሊድስም እንደዚሁ። በአንጻሩ የኮርንዎል ካውንቲ ብቻዋን ከነቦሮዎቿ ከ40 በላይ እንደራሴዎች ነበሯት። በምሥራቅ ጠረፍ ያለችው ዳኒች አብዛኛው ክፍሏ ባሕር ውስጥ ገብቶም ሁለት ሰው ትልክ ነበር። በኦገስት 1819 በማንቸስተር ቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ 60 ሺህ ያህል ሰው ውክልና ለመጠየቅ ሲሰበሰብ ፈረሰኛ ጦር ገባበት፤ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መቶዎች ቆሰሉ።

መቀመጫ ንብረት ነው የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች አሉ። በ1785 የፒት ልጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ታናሹ ዊሊያም ፒት፣ 36 ቦሮዎችን ለማስቀረት ሐሳብ ሲያቀርብ ለባለቤቶቹ ካሳ የሚሆን አንድ ሚሊዮን ፓውንድ አብሮ አቀረበ። ያም ሆኖ 248 ለ174 ተሸነፈ። በ1800 ደግሞ የአየርላንድ ፓርላማ ፈርሶ ከብሪታንያው ጋር ሲዋሐድ፣ መቀመጫቸውን ላጡ ቦሮዎች ባለቤቶች ለእያንዳንዱ 15 ሺህ ፓውንድ በሕግ ተከፈለ። መንግሥት ራሱ የሕዝብን ውክልና እንደ መሬት ገምቶ ገዛው ማለት ነው።

የተከላካዮቹ ሙግት

የዚያን ዘመን ሥርዓት የሚከላከሉትን ሁሉ ዘራፊ ብሎ ማለፍ ነገሩን አያስረዳም። ሦስት ያህል ሙግቶች ነበሯቸው፤ አንዳቸው ዛሬም አልሞተም።

የመጀመሪያው፣ እንደራሴ የመረጠውን ሰፈር ሳይሆን አገሩን በሙሉ ይወክላል የሚል ነው። ይህ «የመንፈስ ውክልና» ልንለው የምንችለው ሐሳብ ነው፦ የማንቸስተር ነጋዴ የራሱ እንደራሴ ባይኖረውም፣ በሌላ ከተማ የተመረጠ ነጋዴ ጥቅሙን ያውቅለታል። በ1760ዎቹ የለንደን መንግሥት በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ላይ ግብር ሲጥል ይህንኑ ተናገረ፤ ማንቸስተርና በርሚንግሃምም ሳይወከሉ ይገብራሉ አለ። የቦስተኑ ጠበቃ ጄምስ ኦቲስ መልስ አጭር ነበር፤ እነዚያ ከተሞች ካልተወከሉ ሊወከሉ ይገባል።

ሁለተኛው ሙግት ሥርዓቱ ችሎታ ያላቸውን ወጣቶች ያስገባል የሚል ነው። እውነት አለው። ትልቁ ፒት፣ ፖለቲከኛና ጸሐፊው ኤድመንድ በርክ፣ ታናሹ ፒት፣ ሁሉም የገቡት በባላባቶች ቦሮ ነው። በ1801 ደግሞ ጆን ሆርን ቱክ የተባለው፣ በክህደት ተከሶ ነጻ የወጣ ተሟጋች፣ በዚሁ በኦልድ ሳረም በኩል ገብቶ ነበር። ቄስ በመሆኑ ብዙ ስላነጋገረ፣ ፓርላማው ካህናት እንዳይመረጡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ባዶ ኮረብታ የመንግሥትን ተቃዋሚም ሊልክ ይችላል፤ ባለቤቱ ደስ ካለው። የሙግቱ ድክመትም እዚሁ ላይ ነው፤ ችሎታው የሚመዘነው በአንድ ሰው ደስታ ነው።

ሦስተኛው፣ እስካሁን ሠርቶልናልና አትንኩት የሚለው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዌሊንግተን መስፍን በኖቬምበር 1830 ያለው ሥርዓት ከዚህ የተሻለ ሊታሰብ አይችልም የሚል ንግግር አደረገ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥልጣን ለቀቀ።

1832፦ መቆረጡ

አዲሱ መንግሥት፣ በኧርል ግሬይ የሚመራው፣ የማሻሻያ ሕጉን በማርች 1831 አቀረበ። ያቀረበው ሎርድ ጆን ራስል ሲናገር አንድ እንግዳ ሰው እንግሊዝን ሊጎበኝ ቢመጣ ብሎ አሰበ፦ ወደ አንድ አረንጓዴ ጉብታ ወስደው ይህ ጉብታ ሁለት እንደራሴ ይልካል ቢሉት፣ ወደ ታላላቅ የፋብሪካ ከተሞችም ወስደው እነዚህ ምንም አይልኩም ቢሉት ምን ይል ይሆን? ጉብታው ኦልድ ሳረም ለመሆኑ ማንም ጥያቄ አልነበረውም። ሕጉን በመደገፍ ከተናገሩት አንዱ ወጣቱ ቶማስ ማኮሌይ ነበር፤ እሱም የገባው በአንድ ታላቅ ባላባት የኪስ ቦሮ ነው። የቆመበትን ቅርንጫፍ ቆረጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉ በሁለተኛው ንባብ ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ 302 ለ301 ነው። ከዚያ አገራዊ ምርጫ ተደረገ፤ ማሻሻያውን የሚደግፉት አሸነፉ። በኦክቶበር መኳንንቱ የሚቀመጡበት የሎርዶች ምክር ቤት በ41 ድምፅ ልዩነት ውድቅ አደረገው፤ በኖቲንግሃም፣ በደርቢ፣ ከሁሉም በላይ በብሪስቶል ሁከት ተነሣ። በመጨረሻ ንጉሡ አዳዲስ ሎርዶችን ሾሞ ምክር ቤቱን እንዲሞላ የቀረበው ማስፈራሪያ ተቃዋሚዎቹን አንበረከከ። ጁን 7 ቀን 1832 ሕጉ ጸደቀ። ከሕጉ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ፈጽመው የሚሰረዙ 56 ቦሮዎችን ይዘረዝራል፤ ኦልድ ሳረም አንዱ ነው። ሌሎች 30 ቦሮዎች ከሁለት ወንበር አንዱን አጡ። ማንቸስተር፣ በርሚንግሃም፣ ሊድስና ሼፊልድ ሁለት ሁለት አገኙ። በዚህ ጊዜ ካሳ የሚባል ነገር አልነበረም። የኬልደን ኧርል ሣሩ ቀረለት።

በአማርኛ ጽሑፎች አልፎ አልፎ እንደሚባለው 1832 ለእንግሊዝ ዴሞክራሲን አላመጣም። ከለውጡ በኋላም የመረጠው ከአምስት አዋቂ ወንዶች አንዱ ያህል ነው፤ ሴቶች ደግሞ «ወንድ የሆነ ሰው» በሚል ሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ተከለከሉ። ድምፅ በምስጢር መስጠት የተፈቀደው በ1872 ነው። የምርጫ ክልሎችን በየጊዜው የሚያይ ቋሚ ኮሚሽን የተቋቋመው ደግሞ በ1944 ነው፤ ኦልድ ሳረም ከተሰረዘ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። 1832 የቀየረው አንድ መሠረታዊ ነገር ነው፤ መቀመጫ ያለ ካሳ ሊነጠቅ የሚችል አደራ እንጂ ንብረት አለመሆኑን።

በ2023 በተጠናቀቀው የብሪታንያ ክለሳ መሠረት 650 ክልሎች አሉ። ከአምስት የደሴት ክልሎች በቀር እያንዳንዱ ከ69,724 ያላነሰ፣ ከ77,062 ያልበለጠ የተመዘገበ መራጭ ሊኖረው ግድ ነው። ኮረብታው ዛሬ የጎብኚ ቦታ ነው፤ የፓርላማው ዛፍ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተቆርጧል። በአቅራቢያው አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ተሠርቷል፤ ስሙም ኦልድ ሳረም ነው። ነዋሪዎቹ የሚመርጡት በሶልዝበሪ የምርጫ ክልል ነው።

ዛፍና ሰው፦ የአሜሪካው መታጠፊያ

ያረጀ ካርታ የእንግሊዝ ብቻ ችግር አልነበረም። የቴነሲ ግዛት ከ1901 ጀምሮ ለስድሳ ዓመት ያህል የምርጫ ክልሎቿን አልከለሰችም ነበር። በካሊፎርኒያ ስድስት ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት የሎስ አንጀለስ ካውንቲ በግዛቱ ሴኔት የነበራት ወንበር አንድ ነው፤ 14 ሺህ ሰው ያለበትም ክልል አንድ ነበረው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1962 ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ፤ በ1964 ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል መሆን አለባቸው ብሎ ወሰነ። ዋናው ዳኛ ኧርል ዋረን በውሳኔው ሕግ አውጪዎች የሚወክሉት ሰዎችን እንጂ ዛፎችን ወይም የመሬት ስፋትን አይደለም አሉ። ኦልድ ሳረምን አስበው ይሁን አይሁን፣ የዛፉ ነገር አንባቢን ፈገግ ያሰኛል።

እዚህ ጋ ነው ሁለተኛው በሽታ የሚገባው። ጄሪማንደሪንግ የሚለው ቃል የመጣው በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው የሚጠቅም ጠማማ ካርታ በመፈረሙ ነው፤ አንዱ ክልል ቅርጹ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት ስለመሰለ ሁለቱ ስሞች ተጣመሩ። ዘዴው የተቃዋሚን ደጋፊዎች ወይ በአንድ ክልል ማጨቅ፣ ወይ በብዙ ክልሎች መበተን ነው። በቴክሳሱ ካርታ ክልሎቹ በሕዝብ ብዛት እኩል ናቸው፤ ኦልድ ሳረም የሚባል ነገር የለበትም። ችግሩ መስመሩ ነው። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፓርቲ ጥቅም የታየበት ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት የሚችሉት ጉዳይ አይደለም ስላለ ግዛቶቹ እጃቸው ተፈቷል።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ግንኙነት አለ። ለመጀመሪያው በሽታ የታዘዘው መድኃኒት፣ ማለትም ካርታን በየጊዜው መከለስ፣ ለሁለተኛው በሽታ በሩን ይከፍታል። ካርታ በየአሥር ዓመቱ መሣል ግዴታ ከሆነ፣ በየአሥር ዓመቱ አንድ ሰው ብዕር ይይዛል። ብሪታንያ ብዕሩን ከፓርቲዎች ውጭ ለሆኑ ኮሚሽኖች ሰጠች፤ አብዛኛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለሕግ አውጪዎቹ ተዉት። ሁለቱ አገሮች ዛሬ የሚለያዩት ባብዛኛው በዚህ ነው።

ጥያቄው ወደ እኛ ሲመጣ

የምርጫ ክልልን በሰው ቁጥር የመለካት ሐሳብ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሪቱ በተቻለ መጠን 200 ሺህ ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች እንድትከፈል፣ እያንዳንዱም ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ይደነግግ ነበር። ዕጩው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ በዚህ ረገድ ከእንግሊዞቹ ጋር እንመሳሰል ነበር። ያልነበረው ቆጠራው ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ያ ፓርላማ ከተበተነ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ። 200 ሺው ግምት ነበር ማለት ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱም መሠረት የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን አከላለል እንዲወስን ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። የመቀመጫው ቁጥር 547 እንደሆነ ቆይቷል።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቁጥሮች ብቻ እንኳ ብናሰላ ልዩነቱ ይታያል። ጠቅላላው ሕዝብ 73.75 ሚሊዮን ያህል ስለነበረ አማካዩ ለአንድ መቀመጫ 135 ሺህ ገደማ ነው። ሐረሪ በሁለት መቀመጫዋ ለእያንዳንዱ 92 ሺህ ያህል ሰው ሲኖራት፣ የሶማሌ ክልል በ23 መቀመጫው ለእያንዳንዱ 193 ሺህ ያህል ነበረው። አዲስ አበባም 23 መቀመጫ አላት፤ ለእያንዳንዱ 119 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ከተሞች አድገዋል፤ በአዲስ አበባም የመሐል ሰፈሮች እየፈረሱ ነዋሪው ወደ ዳር ወጥቷል። መስመሩ ግን የሚከተለው ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ ኦልድ ሳረም ብሎ መጥራት ግን ስሕተት ይሆናል። በመጀመሪያ፣ ከልዩነቱ የተወሰነው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አንቀጽ 54 ከ20 የማያንሱ መቀመጫዎችን ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ያስቀምጣል፤ የስኮትላንድ ደሴቶች ከቁጥሩ ሕግ ውጭ እንደሆኑት ማለት ነው። ይህን የሚደግፉ ሰዎች በቁጥር ብቻ ከተሄደ ትንንሽ ሕዝቦች ድምፃቸው አይሰማም ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ያ ሥራ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን በሰው ቁጥር ሊሄድ ይገባል ባይ ናቸው። ሁለቱም አቋም ሕገ መንግሥታዊ መሠረት አለው። በሁለተኛ ደረጃ፣ በእኛ አገር መቀመጫ የሚሸጥ ርስት አይደለም። የሚመሳሰለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርታው ባለበት ሲቆይ የሚጠቀም ሰው የማይጠቀመውን ያህል አይጮኽም።

ቆጠራው ቢካሄድ ቀጥሎ ምን ይመጣል? ከሁሉ በፊት የሚነሣው የአካባቢ ውዝግብ ነው፤ የምርጫ ክልሎች የሚከለሉት ወረዳን መነሻ አድርገው ስለሆነ፣ የወረዳ ወሰን ጥያቄ ያለበት ቦታ ሁሉ የምርጫ ክልል ጥያቄ ይሆናል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዳዲስ ክልሎች ከደቡብ መውጣታቸውም ሥራውን አያቀልለውም። ከዚያ የሂሳቡ ጉዳይ አለ። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ 547ቱ ተይዘዋል። ሕገ መንግሥቱ ካልተሻሻለ በቀር፣ በሰው ብዛት ላደገ አካባቢ በነጻ የሚታደል የቀረው መቀመጫ ሦስት ነው። ከአራተኛው ጀምሮ ያለው ከሌላ አካባቢ የሚነሣ ነው።